ስም ያልወጣላት ጀልባ፦ ኤልሲአይ 85 በኦማሃ ዳርቻ

አባቴ በወጣትነቱ ምጽዋ በነበረው ባሕር ኃይል ውስጥ በመርከብ መካኒክነት አገልግሏል። የባሕር ላይ ውጊያ ወሬ በተነሳ ቁጥር «ሞተር ክፍል ያለ ሰው ውጊያን የሚያየው በጆሮው ነው» ይላል። ይህች አባባሉ ሙሉ በሙሉ የገባችኝ ሰሞኑን የአንዲት አሜሪካዊ የእግረኛ ማሳረፊያ ጀልባ ታሪክ ሳነብ ነው።

አሜሪካኖች ለትልልቅ የጦር መርከቦቻቸው የክፍለ ግዛት፣ የከተማ ወይም የጀግና ስም ያወጡላቸዋል። እነዚህ ጀልባዎች ግን ቁጥር ብቻ ነበራቸው። ታሪኳን የምጽፍላት ኤልሲአይ 85 ትባላለች፤ ኤልሲአይ ማለት የእግረኛ ማሳረፊያ ጀልባ እንደማለት ነው። ቴክሳስ ውስጥ ኦሬንጅ በምትባል ከተማ ተሠራች። መርከበኞቿ ደግሞ በሰላም ጊዜ ሥራቸው በማዕበል የተያዘን ሰው ማዳን የሆነው የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካኖችና አጋሮቻቸው ጀርመኖች በያዙት የፈረንሳይ ጠረፍ፣ በኖርማንዲ፣ ሲያርፉ 24 እንዲህ ዓይነት ጀልባዎች በጠረፍ ጠባቂዎች እጅ ነበሩ።

ጀልባዋ 48 ሜትር ያህል ርዝመትና 7 ሜትር ያህል ወርድ ነበራት፤ ወደ 200 የሚጠጉ ወታደሮችን ታሳፍራለች። አካሏ ስስ ብረት ነው፤ ሆዷም ወደ አሸዋው ተጠግታ እንድትቆም ሲባል ጠፍጣፋ ስለተደረገ በጥቂት ሞገድ ክፉኛ ትናወጣለች። እንዲህም ሆኖ ይህ ዓይነቱ ጀልባ አትላንቲክን በራሱ ሞተር ያቋርጥ ነበር። ሞተሩ ስምንት የናፍጣ ሞተር ሲሆን፣ አራት አራት እየሆኑ ተጣምረው ሁለት መቅዘፊያዎችን ያዞራሉ። ከፊት በግራና በቀኝ ሁለት ጠባብ መሰላሎች ተንሸራተው ወደ ውኃው ይወርዳሉ፤ ወታደሩም በነጠላ ሰልፍ ይወርድባቸዋል።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን በስተኋላዋ ያለው መልሕቅ ነው። ጀልባዋ ወደ ዳርቻው ስትጠጋ፣ አሸዋ ከመንካቷ በፊት፣ ይህ መልሕቅ ከኋላ ይጣልና ሽቦው እየተተረተረ ይከተላታል። ሰዎቿን ካራገፈች በኋላ ሽቦው ሲጠቀለል ራሷን በራሷ ወደ ጥልቁ ውኃ ትጎትታለች። እንግዲህ ይህች ጀልባ ስትሠራ ጀምሮ ደርሳ እንድትመለስ ታስባ ነው የተሠራችው፤ ተመልሳም ሌላ ሰው እንድታመጣ።

እ.ኤ.አ. ጁን 6 ቀን 1944 ኦማሃ በተባለው የኖርማንዲ ዳርቻ የመጀመሪያው ዙር ወታደር ያረፈው ከንጋቱ 12፡30 ገደማ ነበር። ሰዓቱ የተመረጠው ባሕሩ ወደ ኋላ ሸሽቶ፣ ጀርመኖች አሸዋው ላይ የተከሏቸው እንቅፋቶች በግልጽ በሚታዩበት ጊዜ መሐንዲሶች እያፈነዱ መንገድ እንዲከፍቱ ነው። ይሁን እንጂ መሐንዲሶቹ በመትረየስና በመድፍ እየረገፉ የከፈቷቸው መንገዶች ጥቂት ብቻ ነበሩ፤ ባሕሩም አልጠበቃቸውም። 85 ከጠዋቱ 2፡30 ገደማ በደረሰችበት ጊዜ ውኃው ሞልቶ ጫፋቸው ላይ ፈንጂ የታሰረባቸውን ግንዶች ሸፍኗቸው ነበር። ስለዚህ አዛዡ ሌተናንት ኮይት ሄንድሊ ጀልባውን የሚነዳው አደጋው የት እንዳለ በማያይበት ውኃ ላይ ነበር።

ከተሳፋሪዎቿ መካከል የስድስተኛው የባሕር ኃይል የዳርቻ ሻለቃ አባላትና የሕክምና ሰዎች ይገኙ ነበር፤ ማለትም ዳርቻው ላይ ቁስለኛ ሊያነሱና ለሚመጡት ጀልባዎች ምልክት ሊሰጡ የሄዱ ሰዎች ናቸው። ጀልባዋ ፈንጂ መታት፤ ከኮረብታው ላይ የሚያያት መድፍም አልለቀቃትም። ወደ 25 የሚጠጉ የመድፍ ጥይቶች አገኟት። ጠባቡ መሰላል ላይ በሰልፍ መውረድ ለተኳሽ ምን ያህል እንደሚመች መገመት አያስቸግርም። ሰው በታጨቀባት ስስ ብረት ውስጥ የሚፈነዳ ጥይት የሚያደርሰውን ግን መጻፉ ይከብደኛል።

እዚህ ላይ ጂን ኦክስሊ የተባለውን መርከበኛ ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ከባድ ሸክም ያዘለ ወታደር ከመሰላሉ ሲወርድ እግሩ መሬት ካላገኘ ይሰጥማል። ስለዚህ አንድ ሰው የገመድ ጫፍ ይዞ ቀድሞ ወደ ዳርቻው መሄድ አለበት፤ ሌሎቹ ገመዱን እየጨበጡ ይከተሉታል። ኦክስሊ ያንን ገመድ ይዞ ውኃው ውስጥ ገባ፤ በኋላም የብር ኮከብ ሜዳይ ተሸልሟል። እጁ ላይ መሣሪያ ሳይሆን ገመድ ይዞ ወደዚያ ዳርቻ መሄድ ምን ዓይነት ድፍረት እንደሚጠይቅ ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ወታደሩ የሚወርደው ሊዋጋ ነው፤ ኦክስሊ የወረደው ግን ሌላው ሳይሰጥም እንዲወርድ ነበር።

85 ያልወረዱትን ወታደሮች፣ ቁስለኞቿንና ሟቾቿን እንደያዘች ከዳርቻው አፈገፈገች። ተበሳስታ፣ ተቃጥላ፣ ውኃ እየገባባትም ወደ ትልቋ የማጓጓዣ መርከብ ወደ ሳሙኤል ቼዝ ተመለሰች። ሳሙኤል ቼዝ የአሜሪካን የነጻነት አዋጅ ከፈረሙት ሰዎች በአንዱ ስም የተሰየመች መርከብ ስትሆን፣ እሷም በጠረፍ ጠባቂዎች የምትነዳ ነበረች። ቁስለኞቹ ወደዚያች መርከብ ከተሻገሩ በኋላ 85 በዚያው ዕለት ሰጠመች። በዚያው ዳርቻ 91፣ 92 እና 93 ቁጥር ያላቸው እህቶቿም ጠፍተዋል። ሄንድሊ ግን በሕይወት ተርፎ ከጦርነቱ በኋላ ጋዜጠኛ ሆኗል።

ስለ ኖርማንዲ ሲጻፍ ትኩረቱ አሸዋውን ረግጦ ወደ ኮረብታው በወጣው ወታደር ላይ ነው፤ ይገባዋልም። ነገር ግን አድርሶ የሚመለሰው ሰው ድርሻ አሳንሰን የምናየው ይመስለኛል። እግረኛው ካረፈ በኋላ ቢያንስ የሚደበቅበት ጉድጓድ ይፈልጋል። ጀልባዋ ግን ሰው እስኪወርድ ድረስ ሳትነቃነቅ መቆም ነበረባት፤ የቻለ የሚያነጣጥርባት ግድግዳ ማለት ናት። ከታች ደግሞ መካኒኮቹ ምንም ሳያዩ፣ ከላይ የሚመጣውን ትእዛዝ ብቻ እየጠበቁ፣ ሞተሮቹ እንዳይጠፉ ይታገላሉ። ጀልባዋ ወደ ቼዝ የተመለሰችው በእነሱ ነው።

ከቼዝ ላይ የተነሳ አንድ የታወቀ ፎቶግራፍ አለ። 85 ወደ ጎን አጋድላ ከትልቋ መርከብ ጋር ተጠግታ ትታያለች፤ ጀልባዋ ላይም ሰው አለ። ባለፈው እሑድ ፎቶውን በስልኬ ለአባቴ አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ ብዙ ዝም ካለ በኋላ ስለ መድፉም ሆነ ስለ ዳርቻው ምንም አልጠየቀኝም። «ከሞተር ክፍል የወጡት የትኞቹ ናቸው?» አለ። ፎቶውን አጎላሁለትና አንድ በአንድ ፊታቸውን ማየት ጀመርን።