ዜሮ ማርሽ የሌለው ባቡር

መኪና ሲበላሽ ማርሹን ዜሮ አድርጎ መጎተት ነው። ይህን ለመማር ጋራዥ መግባት አያስፈልግም። ባቡር ጎታቹ ሎኮሞቲቭ ላይ ግን አይሠራም፤ ቢያንስ በዲዝል ኤሌክትሪኩ ላይ። እኔ ይህን ያወቅሁት ሮተርዳም አካባቢ የባቡር ጥገና ተለማማጅ በነበርኩበት ጊዜ ነው።

መሥሪያ ቤታችን አንድ አሮጌ ሎኮሞቲቭ ገዛ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1950ዎቹ እንግሊዝ አገር ተሠርቶ ለሆላንድ ምድር ባቡር የተሸጠ፣ 600 ተብሎ ከሚጠራው ዓይነት ነው። ሥራው ግቢ ውስጥ ፉርጎ ማቀያየር ብቻ ነው። ጉልበት አለው፣ ፍጥነት የለውም፤ ጣሪያው በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ነው። የመጣበት መንገድ ደስ ይላል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእንግሊዝ ጦር ይጠቀምባቸው ከነበሩት 10 ሎኮሞቲቮች ሆላንድ ቀሩ። ሆላንዶቹ ወደዷቸው። እስከ 1957 ድረስ ሌላ 100 አሠርተው አስመጡ። እንግሊዞችም ለራሳቸው 08 የሚባለውን ወንድሙን ከ1952 እስከ 1962 ባለው ጊዜ 996 ሠርተዋል።

የእኛው ባትሪው ሞቶ ሞተሩ አይነሳም ነበር። ወደ ጋራዣችን መምጣት አለበት። የጉዞ ዕቅድ የሚያወጣው ልጅ ጥሩ መላ አገኘ፦ በዚያ በኩል የሚያልፍ የጭነት ባቡር አለ፣ ከጭራው ይታሰር፣ በ80 እየተጎተተ ይምጣ። ፍሬኑ ታይቷል። ጎማው ታይቷል። ወረቀቱ አልቋል፤ የቀረው የሽማግሌው መካኒክ ፊርማ ብቻ ነው።

ሽማግሌው ወረቀቱን አነበቡና እስክሪብቶውን አስቀመጡ። «በ80 አይሆንም» አሉ።

ልጁ ተናደደ። «ሞተሩ እኮ ጠፍቷል! ምን ሊሆን ይችላል?»

እኔም ጠየቅሁ፦ «ማርሹን ዜሮ ብናደርገውስ?»

አልሳቁብኝም። ጋራዣችን ውስጥ ተመሳሳይ ሎኮሞቲቭ ቆሞ ነበር። የእጅ ባትሪ ይዘው ከሥሩ ጉድጓዱ ውስጥ አስገቡኝ። አክስሉ (የጎማዎቹ ዘንግ) ላይ የታቀፈ ከባድ የኤሌክትሪክ ሞተር አሳዩኝ፤ ጎኑ ላይ ጥርሶቹን የያዘ በግራሶ የጠቆረ ሳጥን አለ። «ዜሮውን ፈልገህ አሳየኝ» አሉኝ። ብፈልግ ብፈልግ የለም።

የዲዝል ኤሌክትሪክ ነገር እንዲህ ነው። የናፍጣው ሞተር ጎማውን አይነካውም። ጄኔሬተር ነው የሚያዞረው። ከጄኔሬተሩ የወጣው መብራት ሁለት ሞተሮች ጋ ይሄዳል፣ እነሱ በጥርስ አክስሉን ያዞራሉ። ፍሪሲዮን የለም፣ የሚቀያየር ማርሽ የለም። መቆም ስትፈልግ መብራቱን ትቆርጣለህ፤ ጥርሱ ግን ተናክሶ ይቀራል። ድሬዳዋ ያየናቸው የአልስቶም ባቡሮችም አሠራራቸው ይኸው ነበር። ስለዚህ ባቡሩን ስትጎትተው፣ ጎማው በተራው የኤሌክትሪክ ሞተሩን ያዞረዋል።

ያውም እንዴት አድርጎ! በእንግሊዙ 08 ላይ ጎማው አንዴ ሲዞር ሞተሩ 24 ጊዜ ያህል ይዞራል። ለቀርፋፋ ሥራ የተሠራ ስለሆነ ነው፤ ጉልበቱን የሚያገኘው ከዚያ ነው። በ30 ኪሎ ሜትር ሞተሩ በደቂቃ 2,800 ዙር ገደማ ነው። በ80 ሲጎተት ከ7,000 ያልፋል።

ከጉድጓዱ ስንወጣ ወደ ጋራዡ ጥግ ወሰዱኝ። ከአንድ ሞተር የወጣ የሚሽከረከረው ክፍል መሬት ላይ ተጋድሟል። መዳቦቹ ከቦይዎቻቸው ወጥተው ወደ ውጭ ተንጨፍርረዋል። አጥብቆ ይዟቸው የነበረው ሽቦ ተበጣጥሷል። ጣቴን በጫፋቸው ላይ ሳስኬድ ብረቱን ፍቀው የሄዱበት ታየኝ። «ይኼም ጠፍቶ ነበር የተጎተተው» አሉ። ሞተሩ ከልኩ በላይ ሲፈጥን መዳቡ ወደ ውጭ ይወጣል። መዳቡ ሲወጣ ሞተሩ ይነክሳል። ሞተሩ ሲነክስ ጎማው ይቆማል። የፊተኛው ባቡር ግን አልቆመም፣ እየጎተተ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ማሰብ አልፈለግሁም።

የዕቅዱ ልጅ ሰነፍ አልነበረም። ወረቀቱ የጠየቀውን ሁሉ አይቷል። ወረቀቱ ስለ ፍሬን፣ ስለ ጎማ፣ ስለ ማያያዣው ጠየቀው። ሲጎተት አብሮ ስለሚዞረው ነገር ግን አንድም ጥያቄ አልነበረውም። «ጠፍቷል» የሚለው ቃል ሁላችንንም አረጋግቶን ነበር። እኔን የሚያስደነግጠኝ እስከ ዛሬ ይኼ ነው።

ወደ 50 ቶን የሚጠጋ ብረት በሎቤድ ተጭኖ በመኪና መንገድ መጣ። ወጪው ከፍ አለ፣ አለቆቹ አጉረመረሙ፣ ሽማግሌው ዝም አሉ። አዲስ ባትሪ ስንገጥም እንደገና ጠሩኝ። ለማስነሻ ለብቻው ሞተር የለውም። የባትሪው መብራት ወደ ጄኔሬተሩ ይገባል፣ ጄኔሬተሩ ለአፍታ ሞተር ይሆንና ናፍጣውን ያዞረዋል። «አየህ፣ በሁለቱም በኩል ይሠራል» አሉኝ። ስድስቱ ሲሊንደሮች አንድ በአንድ ያዙና ጋራዡ በጭስ ሞላ።

አሁን የመጎተቻ ቅጹ ላይ አንድ መስመር ተጨምሯል፦ ሞተሮቹ ከአክስሉ ጋር እንደተናከሱ ናቸው ወይስ ተለያይተዋል? ካልተለያዩ የሚፈቀደው ፍጥነት ስንት ነው? ሁለቱም ካልተሞሉ ፊርማ የለም።