በበረራ ላይ ትክክለኛውን ከፍታ መመዝገብ

በአውሮፕላን ስጓዝ በእጅ የሚያዘውን ጂፒኤሴን ከመስኮቱ አጠገብ አድርጌ ጉዞውን መመዝገብ እወዳለሁ፤ መጀመሪያ ላይ ግን መንገዱ በትክክል እየተመዘገበ ከፍታው ከ2,400 ሜትር አለማለፉ በእጅጉ አሳስቦኝ ነበር። ምክንያቱ መሣሪያው ከፍታን የሚመዘግበው በአየር ግፊት መለኪያው መሆኑ ነው፤ አውሮፕላኑ በ11,000 ሜትር ላይ ቢበርም የመንገደኞች ክፍል ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር እንዲመጣጠን ስለሚደረግ፣ መለኪያው የሚያነበው የክፍሉን አየር ብቻ ነው። ስለዚህ ከሳተላይት የተሰላውን ከፍታ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ለዚህም ቢያንስ የአራት ሳተላይቶች ምልክት መገኘት አለበት (ከመስኮት ርቆ መቀመጥ ይህን ያከብደዋል)። ይህም ቁጥር ቢሆን አብራሪው ከሚያነበው ይለያል፤ አብራሪዎች ከፍ ብለው ሲበሩ በውጭው አየር ግፊት የሚሠራውን የከፍታ መለኪያቸውን በዕለቱ ባለው ግፊት ሳይሆን በ1013.25 ሄክቶፓስካል (የግፊት መለኪያ አሃድ) መደበኛ ግፊት ላይ ስለሚያስተካክሉ፣ ልዩነቱን እንደ መሣሪያው ስህተት አልቆጥረውም።