የጸሎት ደብተሬ

ትናንት ማታ የጸሎት ደብተሬን ገለጥኩ። ለመጸለይ አልነበረም። ባለፈው ስብሰባ ማን ምን እንዳለ እዚያ ላይ ጽፌ ስለነበር እሱን ፈልጌ ነው። ቅዳሜ ሌላ ስብሰባ አለን፣ እና "ያን ቀን እንዲህ ብለው ነበር እኮ" የምልበትን ቃል በትክክል መያዝ ፈለግሁ።

ወደ ኋላ ሳገላብጥ እጄ ቆመ። የደብተሩ መጀመሪያ ላይ የሰው ስም ነው ያለው። የታመመች እህት። ሥራ ያጣ ወንድም። ልጅ ስትጠብቅ የኖረች ጓደኛዬ፣ ከስሟ ጎን "ተመስገን!" ብዬ በትልቁ የጻፍኩላት። መሃል ላይ ስደርስ ስሞቹ አሉ፣ ጸሎቱ የለም። እገሌ እንዲህ አለ። እገሊት ዝም አለች። እነ እገሌ አስቀድመው ተመካክረው ነው የመጡት። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዲት የጸሎት መስመር የለችም። ያው ደብተር፣ ያው እጅ ጽሕፈት፣ ያው ሰማያዊ እስክሪብቶ። ከአንዱ ወደ ሌላው መቼ እንደተሻገርኩ አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ የእሁድ ፕሮግራሞች አንድ ይሁኑ፣ መዘምራኑም ይቀላቀሉ የሚል ሐሳብ ከሽማግሌዎች መጣ። እኔ በአንዱ የመዘምራን ቡድን 11 ዓመት አገልግያለሁ። ተቃወምኩ። አሁንም እቃወማለሁ። የጠዋቱ ፕሮግራም ላይ የሚመጡት አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው፣ ሰዓቱ ሲቀየር ማን ማን እንደሚቀር በስም መጥራት እችላለሁ። ግን እውነቱን ልናገር ካልኩ ከዚህ ምክንያት ሥር ሌላም ነበር። የቆምኩበትን ቦታ እንዳላጣ ፈራሁ። ይህችን አንድ መስመር ለመጻፍ ራሱ ስንት ጊዜ ሰርዣለሁ።

ሰሞኑን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 ላይ ተቀምጫለሁ። ከአሕዛብ ያመኑት መገረዝ አለባቸው ወይስ የለባቸውም? ከዚያ የከበደ ጥያቄ በዚያ ዘመን የነበረ አይመስለኝም። ኢየሩሳሌም ላይ ተሰብስበው ብዙ ተከራከሩ፣ ጴጥሮስ ተናገረ፣ ጳውሎስና በርናባስ ያዩትን መሰከሩ፣ ያዕቆብ ሐሳቡን ሰጠ፣ ተስማሙ፣ ደብዳቤ ጻፉ። አንጾኪያ ላይ ሲነበብ ሕዝቡ ደስ አለው። እዚያው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ግን ጳውሎስና በርናባስ ተጣሉ። በማርቆስ። ስለ ግርዘት አብረው የቆሙ ሁለት ሰዎች፣ ጵንፍልያ ላይ ጥሏቸው በሄደ በአንድ ወጣት ምክንያት መስማማት አቃታቸው፣ አንዱ ወደ ቆጵሮስ ሌላው ወደ ሶርያና ኪልቅያ ሄደ። ደቀ መዛሙርቱ ሁሉ ጳውሎስን ሲፈሩት እጁን ይዞ ወደ ሐዋርያት ያቀረበው ደግሞ ይኸው በርናባስ ነበር!

የእኛም ጸብ ከትምህርት ይልቅ በሰው ላይ ነው የሚበረታው። ማን ተናቀ፣ ማን ሳይጠየቅ ቀረ፣ የማን ሐሳብ አለፈ።

ይህን ታሪክ ለመለያየት እንደ ፈቃድ ሲጠቅሱት ሰምቻለሁ። እኔ አልቀበለውም፣ ምክንያቱም ነገሩ እዚያ አላለቀም። ጳውሎስ ሊሞት ሲቃረብ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ማርቆስን ይዘህልኝ ና፣ ለአገልግሎት ይጠቅመኛል አለው። ያኔ አብሮት እንዲሄድ ያልፈቀደለትን ሰው። እኔ ደብተሬ ላይ ካሉት ሰዎች ስለ አንዳቸው እንኳ እንዲህ ማለት እችል ነበር? ባለፈው ሳምንት ብትጠይቁኝ፣ አልችልም።

አንድ ነገር ግን በግልጽ መጻፍ እፈልጋለሁ። "እምነትሽን አስቀድሚ" የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ "ዝም በይ" ማለት ሆኖ ይነገራል። ጸልዪ ብቻ፣ አትናገሪ፣ አታስቸግሪ። የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ሲባክን ወይም ሰው ሲጎዳ ዝም ማለት እምነት ነው ብዬ አላምንም። ጴጥሮስ አንጾኪያ ላይ ከአሕዛብ ጋር ይበላ የነበረውን ሰዎችን ፈርቶ ሲያቋርጥ ጳውሎስ ዝም አላለም። ፊት ለፊት ነው የተቃወመው። ፊት ለፊት!

እኔ የተቃወምኩት ከጀርባ ነበር። ጌታ ወንድምህ ቢበድልህ መጀመሪያ አንተና እሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ንገረው ብሏል፣ ማቴዎስ 18 ላይ። ትናንት ማታ ተቀምጬ ቆጠርኩ። ሐሳቡን ስላመጡት ሽማግሌ ለዘጠኝ ሰው አውርቻለሁ። ያውም በቴሌግራም፣ እኩለ ሌሊት ላይ፣ እንቅልፍ አጥቼ። ለእሳቸው አንድም ቀን አልነገርኳቸውም።

እናቴ ሆስፒታል የገባች ጊዜ እኮ እኚህ ሰው ናቸው ኮሪደሩ ላይ ከእኔ ጋር ያደሩት።

ዛሬ ከሥራ መልስ ቤታቸው ሄድኩ። በሩን ሲከፍቱ ደነገጡ። "ልጄ፣ በሰላም ነው?" አሉኝ። ቆሜ ነው የተናገርኩት፣ ከተቀመጥኩ እንደማልናገረው አውቄ ነበር። "ሐሳብዎን አሁንም አልደገፍኩም" አልኳቸው። "ግን ለእርስዎ ሳልነግር ስለ እርስዎ ለሌላ ሰው ብዙ አውርቻለሁ፣ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።" መነጽራቸውን አወለቁ፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፣ ቆዩ። ከዚያ "እኔም ስለ አንቺ ተናግሬአለሁ" አሉ።

አንድ ሰዓት ያህል ተነጋገርን። ሐሳቡን ያመጡት ወጣቶቹና አረጋውያኑ በአንድ ቤተ ክርስቲያን እየኖሩ ስለማይተዋወቁ መሆኑን ዛሬ ነው የሰማሁት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳልጠይቃቸው መልሱን እኔው ሰጥቼላቸው ነበር። እኔም መምጣት ስለሚያቅታቸው ሰዎች ነገርኳቸው፣ ሁለቱን ስም ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። አልተስማማንም። ቅዳሜ እሳቸው ለሐሳቡ ይናገራሉ፣ እኔ እቃወማለሁ። ሊሸኙኝ ሲነሱ ጸለዩ፣ እናቴን በስሟ ጠርተው።

ደረጃው ላይ እስከ ታች ተከተሉኝ፣ በየእርምጃው ግድግዳውን እየያዙ። ይቅርብዎት ብል አልሰሙኝም።

ቤት ገብቼ አዲስ ገጽ ገለጥኩ። መጀመሪያ የእሳቸውን ስም ጻፍኩ። ከጎኑ፦ "ጉልበታቸው።"