ጋብቻው የድሮ፣ ጣጣው የዘንድሮ

አግብቶ ስም መቀየር እኔ የማውቀው በፊልም ነበር። እኛ አገር ሚስት የባሏን ስም አትወስድም። በአባቷ ስም እንደተጠራች ትኖራለች። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ያገባች ሴት የራሷን ስም እንደያዘች ትቆያለች ነው የሚለው። ስለዚህ እንደ እኔ ፔሮል የሚሠራ ሰው፣ "እገሊት አገባች" ሲባል ትዝ የሚለው መዋጮው እንጂ ቲን ቁጥሯ፣ የግብር ከፋይነት መለያዋ፣ አይደለም። ጎንደር ደግሞ ጥምቀት አልፎ ጾም እስኪገባ ድረስ ሰርግ በሰርግ ስለሆነች፣ የዚያን ሰሞን እኔ የማየው "የደመወዝ ብድር" የሚለው ዓምድ ሲሞላ ብቻ ነው። ስም? ስም ማን ይነካል!

እኔ ነካሁ።

ነገሩ የእትዬ ጠጂቱ ነው። ስማቸውን ቀይሬዋለሁ፣ ሁለቱንም። ለምን ሁለት እንደሆነ ይገባችኋል።

ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ሆቴል ውስጥ ሂሳብ እሠራለሁ። እትዬ ጠጂቱ ወጥ ቤቱን የሚመሩልን ሴት ናቸው። ዕድሜያቸው 58። ሆቴሉ ውስጥ ከ2006 ጀምሮ አሉ፣ ከእኔም ከሥራ አስኪያጁም በፊት። ዶሮውን እሳቸው ካልሠሩት በአንድ ጉርሻ የሚያውቁ ደንበኞች አሉን። እኔን "ልጄ" ነው የሚሉኝ። ወር በገባ ቁጥር ደመወዝ ስሠራ አምሽቼ ካዩኝ አንድ ሳህን ሽሮ ሳይልኩልኝ አይሄዱም።

መጋቢት ላይ እሳቸውና አባወራቸው ለቤታቸው ካርታ ጉዳይ የጋብቻ ማስረጃ ተጠየቁ። ከየት ይምጣ? የተጋቡት ከ40 ዓመት በፊት ደምቢያ ገጠር ውስጥ፣ በሽማግሌ ፊት ነው። አሁን ያለው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሥራ የጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው። አዋጁ ጋብቻ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል፣ የእነሱ 30 ቀን ያለፈው አዋጁ ሳይታሰብ ነው። ያም ሆኖ ምስክር ይዛችሁ ኑ ተባሉ። የድሮው መታወቂያቸው ጊዜው አልፎበታል። ምስክር ሆነው የመጡት ደግሞ የእሳቸው ወገኖች፣ ወንድማቸውና የአጎታቸው ልጆች ናቸው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተጀመረው። መዝጋቢዋ "የሚስት ስም?" ስትል ወንድማቸው አፉን ሞልቶ "ትሁን" አለ።

ምን ያድርግ? ጠጂቱ የምትባል ሰው አያውቅማ። በገጠራችን ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ ስም ታወጣላታለች። ያ ስም ይጸናና ጎረቤቱም፣ ዕድሩም፣ ቀበሌውም በዚያው ይጠራታል። የአባቷ ቤት ሰዎች ግን የድሮውን አይለቁም። እትዬ ጠጂቱም በአንድ በኩል ጠጂቱ፣ በሌላ በኩል ትሁን ሆነው አርባ ዓመት ኖረዋል፣ ሁለቱ ወገኖች አንድ ጠረጴዛ ላይ ሳይገናኙ።

"ለምን ዝም አሉ ታዲያ?" አልኳቸው በኋላ።

"ደነገጥኩ" አሉኝ። "አባቴ ወንድ ሲጠብቅ እኔ መጣሁበትና 'እሺ፣ ትሁን' አለ። በቃ ስም ሆነ። ስሙን አልወደውም ነበር። ቢሮ ውስጥ ጮክ ብሎ ሲጠራ ግን ልቤ ደስ አላት። ዝም አልኩ።"

በዝምታቸው የጋብቻ ምስክር ወረቀቱ "ትሁን" ብሎ ወጣ። ወረቀቱን ይዘው መታወቂያቸውን አሳደሱ። እሱም "ትሁን"። ፋይዳውም ተከተለ። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኮፒውን በፌስታል ጠቅልለው ቢሮዬ መጡና "ልጄ፣ ስሜን አስተካክልልኝ" አሉኝ።

"ይቺን ነው? ሁለት ሰከንድ!" አልኩ።

እውነቴን ነው፣ ሁለት ሰከንድ ነው የፈጀብኝ። ኤክሴሉን ከፈትኩ፣ ፈልግ፣ ተካ፣ አለቀ። ሽሮዬን በላሁ። እንዲያውም ለራሴ ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር፣ ምክንያቱም የስም ለውጥ ያለ ሰው መዝገቡን ማስተካከል አለበት የሚለውን አውቅ ነበር። የፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ፣ 983/2008፣ የተመዘገበ ሰው ስሙ ሲለወጥ በ30 ቀን ውስጥ ለታክስ ባለሥልጣኑ በጽሑፍ ያሳውቅ ይላል። እኔ ታዲያ "ያሳውቅ" የሚለውን ቃል የወሩን የደመወዝ ግብር ዝርዝር በአዲሱ ስም በመላክ ተረጎምኩት። ለምን እንደዚህ እንዳሰብኩ እስካሁን አይገባኝም። ሰው የሚያውቀውን ነገር በግማሽ ሲያውቀው ነው መሰለኝ የሚደፍረው።

የሚያዝያ አለፈ። ግንቦትን ላሳውቅ ገቢዎች ስሄድ ግን የምታስተናግደኝ ልጅ አንድ መስመር ላይ እስክሪብቶዋን አሳረፈች።

"ይሄ ቲን የሌላ ሰው ነው።"

"የማን?"

"ጠጂቱ የሚባሉ ሴት። ይሄ ስም ግን ትሁን ይላል።"

"አንድ ሰው ናቸው" አልኳት።

"በምን ልመን?" አለችኝ፣ በትሕትና። መልስ አልነበረኝም። ባለፈው ወርም እንደዚሁ መላኬን ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠችው።

ዝርዝሩን ለማታውቁት ላስረዳ። በየወሩ የእያንዳንዱ ሠራተኛ ስም፣ 10 አኃዝ ያለው ቲን ቁጥሩ፣ ደመወዙ፣ የተቆረጠበት ግብርና የጡረታ መዋጮው በአንድ መስመር ይሄዳል። የግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ 7 በመቶ ከራሱ፣ 11 በመቶ ከአሠሪው ነው። የእትዬ ጠጂቱ መነሻ ደመወዝ 6000 ብር ነው። 420 ከእሳቸው፣ 660 ከእኛ፣ በድምሩ በወር 1080 ብር። ያ ገንዘብ ከ2006 ጀምሮ በጠጂቱ ስም ሲጠራቀም ኖሮ እኔ በሁለት ሰከንድ ጀግንነቴ የሁለት ወሩን 2160 ብር ለማትታወቅ ትሁን ሰጠሁት። ገንዘቡ አይደለም ያስጨነቀኝ። እትዬ ጠጂቱ 60 ሊሞላቸው ሁለት ዓመት ነው የቀራቸው። ጡረታ ሲወጡ ፋይላቸው ለሁለት ተከፍሎ ቢገኝ፣ ያን ጊዜ እኔ እዚህ ባልኖርስ? ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጠዋት ላይ ደግሞ ሁለተኛውን ስህተት ሠራሁ። "ቀላል ነው፣ በአዲሱ ስም አዲስ ቲን እናውጣ" አልኩ። ለምን ማንንም አልጠየቅኩም? ኩራት ነዋ። እትዬ ጠጂቱን ባጃጅ አሳፍሬ ይዣቸው ሄድኩ።

የምዝገባው ልጅ አሻራ ማንሻውን አስጠጋላቸው። አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። አላነበበም። ሌላውን። አላነበበም። ዕድሜ ልኩን ምጣድና ድስት የበላው ጣት ነው፣ መስመሩ ለስልሷል። ልጁ ሶፍት ሰጣቸው። እሳቸው ሶፍቱን ጎናቸው አስቀምጠው ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፣ ከዚያ ግንባራቸው ላይ አሸት አሸት አደረጉት፣ ወዝ እንዲይዝ። ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም። በሦስተኛው አነበበ። ልጁ ስክሪኑን አየና እኛን አየ። ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረው።

ፎቶ ነው። እትዬ ጠጂቱ ናቸው፣ ሆቴሉ ሲቀጠሩ የተነሱት፣ ሹሩባቸው ገና ጥቁር ነው። ከሥሩ "ጠጂቱ" ይላል።

"ውይ! ይቺማ እኔ ነኝ!" አሉ፣ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው። ጣታቸውን ዘርግተው መስታወቱን ሊነኩት ምንም አልቀራቸው።

"አሻራዎማ ያውቅዎታል እናቴ" አለ ልጁ። "ወረቀቱ ነው ያላወቀዎት።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረና፣ ድምፁን ትንሽ አጠንክሮ፣ አንድ ሰው ሁለት ቲን ሊኖረው እንደማይችልና ሂሳብ የሚሠራ ሰው ይህን ማወቅ እንደነበረበት ነገረኝ። ትክክል ነው። ጆሮዬ ጋለ።

ያኔ ነው ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ ትዝ ያለችኝ። እሷ እዚያ ስታገባ የባሏን ስም ወሰደች። አንድ ጊዜ በስልክ ስትነጫነጭ ሰምቻታለሁ። እዚያ መጀመሪያ የሚኬደው ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለው የጡረታ መሥሪያ ቤታቸው ነው። ካርዱ በአዲሱ ስም ሲወጣ ነው ለአሠሪ የሚነገረው፣ ምክንያቱም የግብር መሥሪያ ቤታቸው ግብር ሲቀርብለት ስሙን ከሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ጋር ያመሳክረዋል። ካልገጠመ ተመላሹ ገንዘብ ይዘገያል። እሷ ለአሠሪዋ ቀድማ ተናግራ ነበር የተነጫነጨችው። እኔ ያን ጊዜ ስቄባታለሁ። ይኸው እኔም ያንኑ ሠራሁ፣ ያውም ባል ሳላገባ።

ልጁ ግን ሸኝቶ አልተወንም፣ መንገዱን አሳየን። ስሙ ፊደል የተሳሳተ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር፣ እዚህ ግን ስሞቹ አይገናኙም። ስለዚህ ሁለቱም የአንድ ሰው መሆናቸውን ፍርድ ቤት ያረጋግጥ፣ ውሳኔው ይምጣ፣ ከአሠሪ ደብዳቤና ከመታወቂያ ኮፒ ጋር ይቅረብ፣ ያኔ ቁጥሩ ሳይነካ ስሙ ብቻ ይታረማል አለን። ቁጥሩ ሳይነካ። ይህቺን ማስታወሻዬ ላይ ሁለት ጊዜ አሰመርኩባት።

ሰኔ ነበር። ፍርድ ቤት ለክረምት ሳይዘጋ መድረስ ነበረብን። ደጅ ላይ ጥላ ዘርግቶ የተቀመጠ ራፖር ጸሐፊ ማመልከቻውን ጻፈልን። ምስክር ሲባል ይህን ጊዜ እኔ አጥብቄ ተናገርኩ። ከሁለቱም ወገን ይሁን! ከእሳቸው ወንድማቸው፣ ከባላቸው ወገን ደግሞ የባላቸው እኅት መጡ።

የቀጠሮው ቀን ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበ ዳኛዋ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነበር የሚጠይቁት። ወንድማቸው ቀረበ።

"ጠጂቱን ያውቋታል?"

"አላውቃትም፣ ክብርት ዳኛ።"

የማርያም ያለህ! ቦርሳዬን ጨበጥኩ።

"እዚያ የቆሙትስ?"

"እኅቴ ናት። ትሁን።"

ቀጥሎ የባላቸው እኅት። ትልቅ ሴት ናቸው፣ ከዘራ ይዘዋል።

"ትሁንን ያውቋታል?"

"ደግሞ ትሁን ማን ናት?"

"እዚያ የቆሙትስ?"

"እሷማ ጠጂቱ ናት። ስሙን ያወጣችላት እናቴ አይደለች እንዴ፣ እኔ እዚያው ነበርኩ።"

ዳኛዋ አንዴ እትዬ ጠጂቱን፣ አንዴ ሁለቱን ምስክሮች አዩ። ሁለቱም አንዲቱን ሴት እያመለከቱ "አላውቃትም" አሉ። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ እኔ አላውቅም። ዳኛዋም ፈገግታቸውን በመዝገቡ ከለል አደረጉት። ውሳኔው ጊዜ አልፈጀም።

የቀረው ሩጫ ነው። ውሳኔውን ይዘን ገቢዎች፣ ከዚያ ለጡረታው፣ ከዚያ ባንክ። የላክኋቸውን ሁለት ወሮች በማስተካከያ መለስኳቸው። ገቢዎች የሄድንበት ሳምንት ሐምሌ ስለነበር ግቢው ባለሱቅና ባለጉሊት ሞልቶት፣ ወረፋው እስከ በር ወጥቶ፣ ሁላችንም በአንድ ጣሪያ ጠርዝ ሥር ተጠግተን ዝናቡን እያየን ነው ተራ የጠበቅነው። እትዬ ጠጂቱ አጠገባቸው ላለችው በርበሬ ነጋዴ ጉዳዩን ከሀ እስከ ፐ አወሩላት፣ ጥፋቱን ግን የእኔ አላደረጉትም። "ወረቀቱ ተሳሳተ" ነው ያሏት።

ሥራ አስኪያጁ "ይህን ሁሉ ለአንድ ስም?" አለኝ። አላኮረፍኩም፣ እሱ ስለማያየው ነው። ሥራዬን ግን ቀይሬያለሁ። አሁን አንድ ሠራተኛ "ስሜ ተስተካክሏል" ብሎ ሲመጣ መጀመሪያ ቲን ምዝገባው ላይ ያለውን ስም አምጣልኝ እላለሁ። እሱ ካልታረመ ፔሮሌ አይነካም፣ መታወቂያው ወርቅ ቢሆን። ሰሞኑን ያገባች ልጅ የቤተ ክርስቲያን የተክሊል ወረቀቷን ይዛ መጥታ፣ እዚያ ላይ ያለው የክርስትና ስሟ ስለሆነ "ይቀየር?" ስትለኝ፣ "በፍጹም፣ እሱን ግድግዳ ላይ ስቀይው" ብያታለሁ።

የነሐሴ ደመወዝ ቀን እትዬ ጠጂቱ ሊፈርሙ መጡ። የፔሮሉን ወረቀት ገልብጬ መስመራቸውን አሳየኋቸው። "ትሁን" ይላል፣ ከጎኑ ያው የድሮው ቁጥር። እስክሪብቶውን ያዙ። 11 ዓመት ሙሉ እዚያ ቦታ ላይ ፊደል በፊደል፣ ቀስ እያሉ "ጠጂቱ" ብለው ሲፈርሙ ነው የማውቃቸው። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሳያርፍ ቆመ።

"ልጄ" አሉኝ፣ "የቱን ነው የምፈርመው?"

አፌ ላይ መልስ ነበረ። ዋጥ አደረግኩትና ስልኬን አነሳሁ።

"ትንሽ ይቆዩኝ እትዬ፣ ባንኩን ልጠይቅ።"