የ1986 የሕግ ምሩቃን፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ

ሕግ ፋኩልቲ ሳለን የእያንዳንዳችንን የወደፊት ዕጣ ከውጤታችን የምናነብ ይመስለን ነበር። ሴሚስተሩ ሲያልቅ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በመታወቂያ ቁጥር የሚለጠፈውን ውጤት እያየን፣ ይህኛው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይደርሳል፣ ያኛው ውጭ ሄዶ ይማርና እዚሁ ተመልሶ ያስተምራል፣ ያ ደግሞ ከአንድ መሥሪያ ቤት ነገረ ፈጅነት አያልፍም እያልን እንፈርድ ነበር። ሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላ ያ ፍርዳችን በይግባኝ ቢታይ የሚጸናለት ክፍል ያለ አይመስለኝም። ሰሞኑን የክፍላችንን ልጆች አንድ በአንድ ሳስብ የተረዳሁት፣ እኛን በየአቅጣጫው የበታተነን ከውጤታችን ይልቅ የተማርንበትና የተመረቅንበት ዘመን መሆኑን ነው።

የተመረቅነው በ1986 ዓ.ም. ነው። ስድስት ኪሎ ስንገባ የነበረው ሕገ መንግሥት የ1979ኙ የኢሕዲሪ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ) ሕገ መንግሥት ነበር፤ አንቀጾቹን ሸምድደን ተፈትነንበታል። ሳንመረቅ ሕገ መንግሥቱ ከነመንግሥቱ ፈረሰና በሐምሌ 1983 የሽግግር ወቅቱ ቻርተር መጣ። ዛሬ የምንሠራበት ሕገ መንግሥት የጸደቀው ደግሞ እኛ ሥራ ከያዝን በኋላ፣ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ነው። የማይነቃነቁ የሚመስሉን ኮዶቹ (የተጠቃለሉት ሕጎች) ነበሩ፤ እነሱም ቢሆኑ ተራ በተራ ተለወጡ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የቤተሰብ ክፍል በ1992፣ የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1996፣ የ1952ቱ የንግድ ሕግ በ2013 በአዲስ ተተኩ። የውልና ከውል ውጭ ኃላፊነት ክፍሎቹ ግን አሁንም እንደ ተማርናቸው አሉ፤ በተገናኘን ቁጥር ጨዋታችን በውል ሕግ ክርክር የሚያልቀው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ከመመረቃችን በፊት ግን ብላቴ ነበረ። በ1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሊወድቅ ጥቂት ጊዜ ሲቀረው ትምህርት ተቋርጦ እኛ ተማሪዎቹ ወደ ብላቴ ወታደራዊ ማሠልጠኛ ተወሰድን። ግንቦት 13 ቀን ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው መውጣታቸው ከተሰማ በኋላ ሠፈሩ ተበተነ፤ ብዙዎች ወደ ደቡብ፣ ወደ ሞያሌ አቅጣጫ ሄደው ኬንያ ገቡ፤ ሌሎቻችን ወደ አዲስ አበባ መመለስን መረጥን። በዶርም አልጋችን ጎን ለጎን የነበረ ጓደኛዬ ጫማው ተበጣጥሶ ስለነበር የእኔን ሸራ ጫማ ሰጠሁትና እኔ በነጠላ ጫማ ተመለስሁ። ያ ልጅ በክፍላችን ከፍተኛ ውጤት ከነበራቸው አንዱ ነው። ከዓመታት የስደተኛ ሠፈር ኑሮ በኋላ አሜሪካ ገብቶ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዳ ኖረ። የሕግ ትምህርቱን አልጨረሰም፤ ልጁ ግን ዛሬ እዚያው ጠበቃ ናት። ስልክ በደወለ ቁጥር የጫማውን ዕዳ ጊዜው አልፎበታልና በይርጋ አስቀርቻለሁ ይለኛል፤ እኔም ዕዳውን ባነሣህ ቁጥር ማመንህ ስለሆነ ይርጋው ይቋረጣል እለዋለሁ። በምረቃ መጽሔታችን ላይ ፎቶግራፉ ስለሌለ ብቻ ከክፍላችን ልጆች የማይቆጥረው ሰው ሲያጋጥመኝ እናደዳለሁ።

ለተመረቅነው ግን ዘመኑ ባልጠበቅነው መንገድ በር ከፍቶልን ነበር። ከመንግሥት ለውጡ በኋላ ከቀድሞዎቹ ዳኞችና ዐቃብያነ ሕግ ብዙዎቹ ከሥራ ወጥተው ነበር፤ በየክልሉ አዳዲስ ፍርድ ቤቶች ይቋቋሙ ነበር፤ የሕግ ዲግሪ ያለው ሰው ደግሞ በጣም ጥቂት ነበር። ስለዚህ ዓምና መምህሩ ሲጠይቀው አንገቱን ይደፋ የነበረ ልጅ ዘንድሮ ካባ ለብሶ በነፍስ ግድያ ክስ ላይ ተሰየመ። ትምህርቱን የተከታተልነው በእንግሊዝኛ ስለነበር አብዛኞቻችን የመጀመሪያዎቹን ክሶችና ውሳኔዎች በአማርኛ የጻፍነው ከችሎት ጸሐፊዎች እየተማርን ነው። የእነዚያ ጸሐፊዎች ውለታ በማንም የምረቃ ንግግር ሲጠቀስ ሰምቼ አላውቅም።

ከዳኞቹ ሁሉ ይበልጥ የማስበው ወደ ትውልድ አገሩ ወደ ወለጋ የተመለሰውን ነው። በክፍል ውስጥ ዝምተኛ፣ በውጤቱም መካከለኛ ነበር፤ እንዲያውም ከነገረ ፈጅነት አያልፍም ካልናቸው አንዱ እሱ ነው። አፋን ኦሮሞ በቁቤ መጻፍ ከጀመረ ገና ጥቂት ዓመት ነበር፤ እሱ አፉን የፈታው በዚያ ቋንቋ ይሁን እንጂ በትምህርት ቤት ያነበበውና የጻፈው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነበር። ኮዱን በአማርኛ ያነባል፣ የሕጉን ሐሳብ በእንግሊዝኛ እንደ ተማረው ያሰላስላል፣ ተከራካሪዎቹን በአፋን ኦሮሞ ይሰማል፣ ውሳኔውን በቁቤ ይጽፋል። አንድ ክረምት ልጠይቀው ሄጄ ቢሮው ገብቼ ነበር። መዛግብቱ በሲባጎ ታስረው ከወለሉ እስከ መስኮቱ ተደርድረዋል፤ በጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ደግሞ ባለ ሠንጠረዥ ደብተር አለ፤ ለእያንዳንዱ የሕግ ቃል የተጠቀመበትን አጻጻፍ፣ የመዝገቡን ቁጥርና ቀኑን በቀይ እስክሪብቶ እያሰፈረ ያስቀምጥበታል። ባለፈው የፈረድሁበትን ቃል ዛሬ በሌላ ብለውጠው ገበሬው ሕጉ የተለወጠ ይመስለዋል አለኝ። በየጊዜው ወደ አዲስ አበባ መጥቶ የጥብቅና ፈቃድ እንዲያወጣና ገንዘብ እንዲሠራ ብንመክረውም እሺ ብሎ አያውቅም። ከእኛ መካከል የሕግ ሥራን በትክክል የሠራው ማነው ተብዬ ብጠየቅ እሱን እጠራለሁ፤ ይህን በፊቱ ብናገር ግን ደስ አይለውም።

በልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት የተቀጠረው ጓደኛችን መንገድ ደግሞ ፍጹም ሌላ ነው። ጽሕፈት ቤቱ የተቋቋመው በአዋጅ ቁጥር 22/1984 ሲሆን፣ የደርግ ባለሥልጣናት ክስ መሰማት የጀመረው በ1987 ዓ.ም. ነው፤ ዋናው ውሳኔ የተሰጠው ደግሞ በ1999። እሱ ወጣትነቱን ያሳለፈው ፊርማና ማኅተም ያረፈባቸውን የግድያ ትእዛዞች ሲያገላብጥና የልጆቻቸውን አስከሬን ሳያገኙ የቀሩ እናቶችን ቃል ሲቀበል ነው። በእነዚያ ዓመታት ከእኛ ጋር ምሳ ሲበላ ሥራውን አንሥቶ አያውቅም። አንድ ቀን ብቻ፣ ሰነዶቹ ላይ የሚያስደነግጠው ጭካኔው ሳይሆን የጽሑፉ ንጽሕና መሆኑን ነገረኝ፤ የወጪ ቁጥሩ ሳይቀር በሥርዓት ተመዝግቧል አለ። ሥራው ሲያበቃ በአንድ ባንክ የሕግ ክፍል ተቀጠረ። ባንኮች በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መያዣ የያዙትን ንብረት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በሐራጅ መሸጥ እንደሚችሉ ለተበዳሪዎች ማስረዳት የዕለት ሥራው ሆነ። ደመወዙ ጥሩ ነበር፤ ቤትም ሠርቷል። እኛ ዘር ማጥፋት ወንጀል ላይ የተከራከረ ሰው እንዴት በመያዣ ውል ላይ ቁጭ ይላል እያልን እንገረም ነበር። እሱ ግን ማንም ያልሞተበት መዝገብ መክፈት እንዴት እንደሚያሳርፍ እናንተ አታውቁትም ብሎ ዘጋን።

የክፍላችን ባለጸጋ አንቀጽ 1678 እያልን የምንጠራው ልጅ ነው። ሕግ የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው ይህ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ አንድ ውል እንዲጸና የሚያስፈልጉትን ነገሮች ይዘረዝራል፤ እሱ ደግሞ በካፌም ሆነ በዶርም ከዚያ አንቀጽ ሳይነሣ ክርክር ጀምሮ አያውቅም ነበር። ጥቂት ዓመት በዐቃቤ ሕግነት ሠርቶ ወደ ንግድ ገባና ሲሚንቶና ብረት ነጋዴ ሆነ፤ አብዛኛውን ግዢውንና ሽያጩን የሚፈጽመው በቃል፣ በስልክ ነው። ዕዳው የደረሰበት ግን ቤት ሲገዛ ነው። ከሚያውቀው ሰው ላይ በጽሑፍ ውል ገዛ፤ ውሉ ውልና ማስረጃ ቀርቦ አልተመዘገበም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በዚያው ሕግ አንቀጽ 1723 መሠረት ያልተመዘገበ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ውል አይጸናም የሚል አቋም ሲይዝ፣ ያ ትርጉም በአዋጅ ቁጥር 454/1997 መሠረት በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ሁሉ የሚያስገድድ ነበርና፣ ሻጩ ዋጋው መወደዱን አይቶ ውሉ ይፍረስልኝ አለ። ጠበቃው እኔ ነበርሁ። አንቀጽ 2877 ለቤት ሽያጭ ጽሑፍን ብቻ ይጠይቃል፣ ምዝገባው ሦስተኛ ወገኖችን ለመጠበቅ ነው ብዬ ተከራከርሁ፤ ተረታን። ዛሬም ድረስ ያ ትርጉም ትክክል ነው ብዬ አላምንም። ባለጉዳዩ ግን ከሁላችን ይልቅ በእርጋታ ተቀበለው፤ ገንዘቡ ተመለሰለት፣ እሱም ብረት ገዛበት።

ሴቶቹ በአንድ አግዳሚ ወንበር የሚበቁ ነበሩ። ወንዶቹ ቀልድ ባበዛንባቸው መጠን የዝግጅታቸው ጥንካሬ ይጨምር እንደነበር አሁን ሳስበው ይታየኛል። አንደኛዋ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ገና ሲቋቋም ገብታ፣ ባል የቤተሰብ አስተዳዳሪ ነው የሚለው የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 635 እንዲቀርና የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ እንዲል በተደረገው ረጅም ውትወታ ተካፋይ ሆናለች። በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሲወጣ ነጋሪት ጋዜጣውን ገዝታ ለእናቷ አነበበችላቸው፤ እናትየው፣ ለእኔ ዘግይቷል፣ ለአንቺ ግን ደርሷል አሏት። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 በሰብአዊ መብት ላይ የሚሠሩ የአገር ውስጥ ማኅበራት ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያገኙ ሲከለክል ማኅበሩ ሥራውን በእጅጉ አጠበበ፤ እሷም በየክልሉ ከተከፈቱት አዳዲስ የሕግ ትምህርት ቤቶች በአንዱ ማስተማር ጀመረች። ከእኛ ቀድመው ከዚያው ፋኩልቲ የተመረቁት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በ2011 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ሲሾሙ የደወልሁት ለእሷ ነበር። ክፍል ውስጥ ነኝ፣ ከሃምሳ ተማሪዎቼ ግማሾቹ ሴቶች ናቸው ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ውጭ ስለ ቀሩት የምለው ብዙ አይደለም፤ አብዛኞቹ ሕጉን ትተው በሌላ ሙያ ተዳድረዋል፣ ተሳክቶላቸዋልም። አንዱ ብቻ ሌሊት መኪና ማቆሚያ እየጠበቀ፣ ቀን እየተማረ የኒው ዮርክን የጥብቅና ፈተና አልፏል። ዛሬ የሚይዘው የጥገኝነት ጉዳይ ነው፤ በየመዝገቡ የቀበሌ መታወቂያ፣ የፖሊስ መጥሪያ፣ የእስር ቤት ደብዳቤ አለ። የአገራችንን የወረቀት ዓይነት ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል። ከመካከላችን የሞቱትንም አልረሳሁም፤ ስለ እነሱ ግን ቤተሰቦቻቸው ሳይፈቅዱ መጻፍ ተገቢ አይመስለኝም።

አሁን ያለንበት ጉዳይ የጥብቅና ድርጅት ነው። በድሮው ሕግ ፈቃዱ የግል ስለነበር አንድ ቢሮ የምንጋራ ጠበቆች እንኳ ኪራይ ከመካፈል በቀር እያንዳንዳችን በየመዝገባችን ነበርን። አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች በሽርክና ድርጅት እንዲያቋቁሙ ፈቀደ። ከባንኩ የወጣው ጓደኛችንና ከዳኝነት ለቅቆ ልደታ አካባቢ ቢሮ የከፈተ ሌላ የክፍላችን ልጅ ሦስታችን አንድ ላይ እንሁን ብለውኛል። በዚህ ዕድሜ ከማላውቀው ሰው ይልቅ ሲፈተን ያየሁት ሰው ይሻለኛል፤ ነገር ግን በእጄ ካሉት መዛግብት ሦስቱ የሐራጁ ሽያጭ ይሰረዝልኝ ብለው የከሰሱ ተበዳሪዎች ጉዳይ ነው፤ ተከሳሹም ያ ጓደኛችን ከልዩ ዐቃቤ ሕግ በኋላ ሲያገለግለው የኖረው ባንክ ነው። የአንዱን ሐራጅ እሱ ራሱ በፊርማው አስጀምሮታል። ይህን ለደንበኞቼ ሳልነግርና ፈቃዳቸውን በጽሑፍ ሳልቀበል ወደ ሽርክናው መግባት አልችልም፤ እንቢ ካሉም ምርጫዬ እነሱ ናቸው። ለሁለቱም ይህንኑ ነግሬያቸዋለሁ። ፍርድ ቤቶቹ ከክረምቱ ዕረፍት ሲከፈቱ ደንበኞቼን ጠርቼ አነጋግራለሁ።