«ሙቀት ነው»

ከመጀመሪያው ጉባኤዬ ይዤ የተመለስኩት አሥራ ሰባት እስክሪብቶ፣ ሁለት የጨርቅ ቦርሳና በሪግ (በጉድጓድ መቆፈሪያ ማማ) ቅርጽ የተሠራ አንድ የቁልፍ መያዣ ነው። ከሰማሁት ንግግር ግን አንድም ነገር ትዝ አይለኝም። አዲስ ስለነበርኩ ሰልፍ ያለበት ቦታ ሁሉ ጥሩ ነገር የሚታደልበት ይመስለኝ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ስሰለፍ ከረምኩ።

የነዳጅና የጋዝ መሐንዲስ ከሆናችሁ ድግሱን ታውቁታላችሁ። ሂውስተን ላይ ኦቲሲ የሚባለው የባሕር ላይ ቴክኖሎጂ ጉባኤ አለ፤ ከ1969 ጀምሮ ያለ ነው። አቡዳቢ ላይ በ1984 የተጀመረው አዲፔክ አለ። የነዳጅ መሐንዲሶች ማኅበር፣ ኤስፒኢ፣ ደግሞ የራሱን ዓመታዊ ጉባኤ ያዘጋጃል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) መሥሪያ ቤት «ለዘንድሮ አንድ ብቻ ምረጡ» ሲል ጀማሪዎቹ እኔን ይጠይቁኛል። የቱ ይሻላል? የትኛውም ይሁን እላቸዋለሁ፤ ብቻ በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ እንዳትቀሩ። ሰው ሻንጣውን እየጎተተ የሚወጣበት፣ ድንኳኑ የሚፈርስበት ሰዓት ማለት ነው። ይህን የተማርኩት አፍሬ ነው።

የእኔ ሥራ ጉድጓድ መቆፈር አይደለም። የተቆፈረው እንዳያፈስ መጠበቅ ነው። የነዳጅ ጉድጓድ ሲባል ብዙ ሰው አንድ ረጅም ቱቦ ይታየዋል። እውነታው ቱቦ በቱቦ ውስጥ ነው። መሃል ላይ ነዳጁ የሚወጣበት ቀጭን ቱቦ አለ። እሱን ሰፋ ያለ ኬሲንግ ይከበዋል፤ ያንንም ከእሱ የሰፋ ሌላ ኬሲንግ። በቱቦና በቱቦ መካከል ያለውን ክፍተት አኑለስ እንለዋለን። አኑለሱ ላይ የግፊት ጌጅ ይታሰራል። ጌጁ ዜሮ ላይ ከተኛ እኔንም የሚፈልገኝ የለም። ከዜሮ ሲነሳ ነው ስልኬ የሚጠራው።

ግፊት የሚነሳበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። ከታች የሚመጣው ነዳጅ ትኩስ ስለሆነ ጉድጓዱ ማምረት ሲጀምር በክፍተቱ ውስጥ የታሰረው ፈሳሽ ይሞቃል። ሲሞቅ ይሰፋል። መውጫ የለውምና ይገፋል። ይህ የሚጠበቅ ነገር ነው። ሁለተኛው ግን መፍሰስ ነው። ወይ ቱቦዎቹን ዙሪያቸውን የያዘው ሲሚንቶ ተሰንጥቋል፣ ወይ አንዱ የቱቦ ማያያዣ ይዞ አልያዘም፣ ጋዝም ቀስ እያለ ወደ ላይ እየመጣ ነው። ጌጁ ደግሞ ይህን ከዚያ አይለይም። ለጌጅ 600 ፒኤስአይ (ግፊት የምንለካበት ነው) 600 ፒኤስአይ ነው።

መለያው ቀላል ነው፤ በጣም ቀላል መሆኑ ነው የሚያናድደው። የአሜሪካው የነዳጅ ተቋም፣ ኤፒአይ፣ ለባሕር ላይ ጉድጓዶች ያወጣው አርፒ 90 የሚባል መመሪያ አለ። በግማሽ ኢንች ኒድል ቫልቭ ግፊቱን ቀስ ብለህ ታስተነፍሳለህ። ቫልቩን ትዘጋለህ። 24 ሰዓት ትጠብቃለህ። ወርዶ በዚያው ከቀረ ሙቀት ነበር። ተመልሶ ከመጣ ከታች የሚያመጣው አለ ማለት ነው። በቃ። ቫልቭ ማዞርና ሰዓት ማየት።

እኔ አላዞርኩም። አዲስ ጉድጓድ ነው፣ ማምረት በጀመረ በማግሥቱ ጌጁ ከዜሮ ተነሳ። መዝገቡ ላይ «ሙቀት ነው» ብዬ ጻፍኩ። በሦስተኛው ቀን «ሙቀት ነው»። በሳምንቱም «ሙቀት ነው»። በኋላ ላይ መዝገቡን ስከፍተው ያየሁት ነገር እስካሁን ፊቴን ያቀላዋል። ከግፊቱ ዓምድ አጠገብ የሙቀቱ ዓምድ አለ፤ በዚያው ገጽ፣ ጎን ለጎን። ሙቀቱ በስምንተኛው ቀን መጨመሩን አቁሟል። ግፊቱ ግን አላቆመም። ሁለቱንም ቁጥሮች በእጄ የሞላሁት እኔ ነኝ።

በዚህ መሃል ነው ወደ ጉባኤ የሄድኩት። በመጨረሻው ቀን በረራዬ ማታ ስለነበር፣ ሌላ የምሄድበት ስላጣሁ አንድ አዳራሽ ገባሁ። ሦስት መቶ ወንበር፣ ሃያ የማንሞላ ሰዎች። መድረኩ ላይ ሸበት ያለ ሰውዬ ቆሟል። ድምፁ አይሰማም፣ ስላይዱም አያምርም። አንድ ግራፍ ብቻ አሳየ። ከዜሮ የሚነሳ፣ ዘንበል ብሎ የሚወጣ፣ አልቆም ያለ መስመር። የእኔ መስመር! «ይህን ለአምስት ወር ሙቀት ነው እያልን ጻፍን» አለ። «ተሳስተን ነበር።» ከዚያ ቀጥሎ ያለውን አልሰማሁትም፤ ወጥቼ ኮሪደር ላይ ስልክ እየደወልኩ ነበር።

ያነሳው የሌሊት ፈረቃ ኦፕሬተሩ ነው፤ በዕድሜ አባቴ የሚሆን ሰው። ጋሼ፣ ያንን ጉድጓድ አስተንፍሱልኝ፣ ዝጉት፣ ነገ በዚህ ሰዓት ቁጥሩን ንገሩኝ አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። «ልጄ፣ እኔማ ከመጀመሪያውም ሙቀት አልመሰለኝም ነበር» አለኝ። ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? «ማን ጠየቀኝ?»

ግፊቱ በደቂቃዎች ውስጥ ዜሮ ገባ። በማግሥቱ ከነበረበት ተመልሶ ቁጭ ብሏል። ቫልቩ የተከፈተው የመጀመሪያው «ሙቀት ነው» ከተጻፈ በሃያ ሦስተኛው ቀን ነበር። ጉድጓዱ ተዘጋ፣ ተጠገነ፣ ሰው አልተጎዳም። የጥገናውን ዝርዝር እዚህ አላመጣውም፤ ረጅምና አሰልቺ ነው።

ሳልነግራችሁ የማላልፈው በአውሮፕላኑ ላይ የሆነውን ነው። ዲፕዋተር ሆራይዘን ስለሚባለው የባሕር ላይ ሪግ አደጋ በ2011 የወጣውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ኮሚሽን ሪፖርት ኮምፒውተሬ ላይ ነበረኝ፤ ከፈትኩት። ኤፕሪል 20 ቀን 2010፣ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ፣ አሥራ አንድ ሰው የሞተበት ቀን። ከፍንዳታው ጥቂት ሰዓት በፊት ሠራተኞቹ ሲሚንቶው መያዙን የሚያሳይ ፈተና ያደርጉ ነበር። በጉድጓዱ ውስጥ ያለውን ከባድ ጭቃ (ሲቆፈር የሚሞላውን ፈሳሽ) በከፊል በባሕር ውሃ ተክተው ክብደቱን ይቀንሱለታል፤ ከዚያ ከታች የሚገፋ ነገር አለ ወይ ብለው ያያሉ። በመቆፈሪያው ቱቦ በኩል 1,400 ፒኤስአይ ታየ። ወደዚያው ጉድጓድ በሚገባው ሌላ መስመር በኩል ግን የሚፈስ ነገር የለም። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። አንድ ሰው «ይሄ የብላደር ኢፌክት ነው» የሚል ማብራሪያ አመጣ፤ ከላይ ያለው ጭቃ ክብደት እየገፋ ነው ለማለት ነው። ፈተናው አልፏል ተባለ። ጉድጓዱ ፈነዳ። እስኪዘጋ 87 ቀን ፈጀ።

ያንን ገጽ ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ባነበብኩ ቁጥር «እንዴት ይሄን አያዩም?» እል ነበር። በዚያ ምሽት ግን አላልኩም። ብላደር ኢፌክት የእነሱ «ሙቀት ነው» ነበር።

ከዚያ ወዲህ የኢንዱስትሪ ዜና የማነብበት መንገድም ተቀይሯል። ዜናም እንደ ጌጅ ነው፤ ቁጥሩን ይሰጥሃል፣ ምክንያቱን አንተው ትሞላለህ። አርብ አርብ ቤከር ሂዩዝ የሚባለው የነዳጅ አገልግሎት ኩባንያ በሥራ ላይ ያሉትን ሪጎች ቁጥር ያወጣል፤ ከ1944 ጀምሮ ይቆጥራሉ። ቁጥሩ ወረደ ሲባል የቢሮው ሰው ሁሉ «ምርት ሊቀንስ ነው» ይላል። ግን አንድ ሪግ ዛሬ በጎን ብዙ ኪሎ ሜትር ይቆፍራል፤ ሪግ ቀንሶ ምርት የጨመረበትን ጊዜ በተደጋጋሚ አይተናል። ወይም ደግሞ «አንድ ቢሊዮን በርሜል ተገኘ» የሚል ርዕስ ይወጣል። የት ነው ያለው ቢሊዮኑ? ድንጋዩ ውስጥ ያለው ነው ወይስ የሚወጣው? እነዚህ ሁለቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ፤ አብዛኛው ነዳጅ እዚያው ድንጋዩ ውስጥ ቀሪ ነው። በሙያው ደንብ ሪዘርቭ (ሊመረት የሚችል ክምችት) ለመባል አራት ነገር ማሟላት አለበት፤ የተገኘ፣ የሚወጣ፣ ሲወጣም የሚያዋጣ፣ እስካሁንም ያልወጣ። ጋዜጣው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ይረካል።

አንድ ገጠመኝ ልጨምር፤ ከጉዳዩ ትንሽ ይወጣል። ኤፕሪል 20 ቀን 2020፣ ከዚያ ፍንዳታ ልክ በአሥረኛ ዓመቱ፣ የአሜሪካ ነዳጅ ዋጋ ከዜሮ በታች 37.63 ዶላር ሆኖ ተዘጋ። የዘመድ የጓደኛ ስልክ አላስቀምጥ አለኝ። «ነዳጅ በነጻ ሆነ አሉ፣ እናንተስ ሥራ ልትፈቱ ነው?» ነገሩ ግን የሚቀጥለው ቀን ላይ የሚያበቃው፣ በሜይ ወር ለሚረከቡት ነዳጅ የተገባው ውል ብቻ ነበር። ውሉን ይዞ የተገኘ ሰው ኦክላሆማ ውስጥ ኩሺንግ የምትባል ከተማ ነዳጁን በአካል መረከብ አለበት፤ ታንከር ግን አይገኝም። ብሬንት የሚባለው ሌላው የዓለም መነሻ ዋጋ በዚያው ቀን ከ20 ዶላር በላይ ነበር። ይህን ሳስረዳ ዋልኩ። ስለ አሥራ አንዱ ሰዎች ግን በዚያ ቀን የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ትዝ ያለኝ ማታ ነው።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። የራሴን ጉድጓድ ታሪክ ለጉባኤ ላቀርበው ወሰንኩ። አብስትራክት፣ ማለትም የጽሑፉ አጭር ማጠቃለያ፣ ብዙ ወራት ቀድሞ ነው የሚላከው። ጻፍኩት። ርዕሱ ውስጥ «የዘገየ ምርመራ» የሚል ነበረበት። ያኔ የምሠራበት ድርጅት ደግሞ ወደ ውጭ የሚወጣ ጽሑፍን ሁሉ ያያል፤ ሲመለስልኝ «የዘገየ» ወጥቶ «የተሳካ» ገብቷል። የመዝገቡ ገጽ ፎቶም ወጥቷል። «ሙቀት ነው» የሚለው ቃል አንድም ቦታ የለም። ተከራከርኩ። «ቁም ነገሩ ያው አይደል?» አሉኝ። አይደለም። የጥገና ዘዴውን ሺህ ሰው ጽፎታል። ከእኔ ጽሑፍ የሚጠቅመው ያቺ የተሳሳተች ቃል ነበረች። ግን ደክሞኝ ፈረምኩ።

የደረሰኝ ሰዓት የት ይመስላችኋል? የመጨረሻው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ። ውጭ ድንኳን ሲፈርስ ይሰማል። ያጸደቁልኝን ስላይድ አንድ በአንድ አሳየሁ፤ ያማረ ነበር። ከመሥሪያ ቤቴ የመጣ ሰው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። አጨበጨቡ። ጥያቄ ያለው አለ ተባለ።

ከኋላ አንዲት ወጣት እጇን አወጣች። ገና ባጇን አንገቷ ላይ በትክክል ያላሰረች፤ ተገልብጦባታል። ማይክ ደረሳት።

«ግፊቱ ከታየ በኋላ ቫልቩ እስኪከፈት ስንት ቀን ፈጀ?»

ስላይዱ ላይ የለም። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያለው ሰውዬ ቀና አለ።

«ሃያ ሦስት» አልኩ።

«ምን እየጠበቃችሁ?»

«ምንም። ሙቀት ነው ብዬ ነበር። ሙቀቱ በስምንተኛው ቀን ቆሞ ነበር፤ አላየሁትም።»

አመሰገነችኝና ቁጭ አለች። ከዚያ አጎንብሳ መጻፍ ጀመረች።