ሰረዟ እኔ ጋ ናት

ትናንት አመሻሽ ላይ ጣና ዳር ቁጭ ብዬ ቡና እየጠበቅኩ ሳለ የእህቴ ልጅ የሒሳብ ደብተሯን ዘረጋችብኝ። "አጎቴ፣ -7 እና -3 የቱ ይበልጣል?" ሳላስብ "-7 ነዋ!" አልኳት። ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ ሳቋን ለቀቀችው።

እውነቱን ለመናገር ተማሪ እያለሁም የምወድቀው እዚህ ላይ ነበር። ሰባት ከሦስት ይበልጣል፣ አለቀ። ፊቱ ያለችውን ትንሽ ሰረዝ ማን ያያታል?

ለማካካስ ወደ ሐይቁ ጠቆምኩ። የውሃው ፊት ዜሮ ነው እንበል። ሦስት ሜትር ከፍ ብላ የምትበረው ወፍ +3፣ ሰባት ሜትር ታች ጭቃ ውስጥ የሚርመሰመሰው አምባዛ -7። ከዜሮ የራቀው ማን ነው? አምባዛው። ከፍ ያለችውስ? ወፏ። ፍፁም ዋጋ የሚሉት ርቀቱን ብቻ ነው፣ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች አይጠይቅም፤ የ-7 ፍፁም ዋጋ 7 ነው፣ የ-3 ደግሞ 3፣ እና ሁለቱም ከውሃ በታች ከሆኑ አብዝቶ የራቀው ነው የሚያንሰው።

ገባት መሰለኝ። ግን -12፣ 5፣ -8፣ 0፣ 9ን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሪ ስላት 0፣ 5፣ -8፣ 9፣ -12 ብላ ጻፈች። በርቀት መደርደሯ ነው! ስህተት ነው፣ ግን እንደኔ አይደለም፣ ቢያንስ አንድ ነገር በትክክል ደርድራለች። ሰርዛ -12፣ -8፣ 0፣ 5፣ 9 አለች።

ቀጥላ ደግሞ ያላሰብኩትን አመጣች። "አስተማሪያችን ዜሮ የባሕር ወለል ነው ብለውናል እኮ።" ልክ ናት። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተኛው፣ ጥልቀቱ ደግሞ ቢበዛ 14 ሜትር አካባቢ ነው። እንግዲህ ያ ምስኪን አምባዛ -7 መሆኑ ቀርቶ +1,779 ሆኖ አረፈው። ደናክል በረሃ ውስጥ፣ -125 ሜትር አካባቢ ላይ የቆመ ሰው እግሩ ሳይረጥብ ከዓሣችን በጣም በታች ነው። ዜሮው ከተቀየረ ሰረዙም ሊነሳ ይችላል፣ እና አንዱን ከሐይቁ ሌላውን ከባሕሩ ለክቶ ማወዳደር ዝም ብሎ ድካም ነው።

ቤት ስገባ የሰፈር ሱቃችን ጋ ቆምኩ። የዱቤ ደብተሩ ላይ ስሜ ትይዩ 900 ተጽፏል፣ ከስሬ ያለው ጎረቤቴ 1,500። ከሱ እሻላለሁ ብዬ ደስ ሊለኝ ነበር፣ -900 ከ-1,500 ይበልጣላ! ግን ደብተሩ ላይ ሰረዝ የለም። ባለሱቁ ፍፁም ዋጋውን ብቻ ነው የሚጽፈው። ለሱማ ፖዘቲቭ ነው፣ ሰረዟ እኔ ጋ ናት።